ባይገደሉ ኖሮ፦ ከአሜሪካ «ምን ይሆን ነበር?» ጥያቄዎች የትኛው ያዋጣል?

«ኬኔዲ ባይገደል ኖሮ አሜሪካ ዛሬ ሌላ አገር ትሆን ነበር።» ይቺን ያልሰማ የለም። የአሜሪካ ፖለቲካ ከተነሳ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አንዱ ማለቱ አይቀርም። እኛ ዘንድ ደግሞ ኬኔዲ የተለየ ቦታ አለው። ጃንሆይ በኦክቶበር 1963 ዋሺንግተን ሄደው እንግዳው ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብሩ ተመልሰው ሄዱ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ቤተ መጻሕፍትም በስሙ ተጠርቷል። ልባችን ወደ እሱ ቢያደላ አይገርምም።

ግን ለክርክር፣ ለክፍል ውይይት፣ ለፖድካስት ወይም እንቅልፍ እምቢ ላለበት ሌሊት አንድ ጥያቄ ምረጥ ብባል ኬኔዲን አልመርጥም። የማስቀድመው ሌላ አለ። እሱን ከታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ገበያው ላይ ያለውን እንይ።

አራት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በሥልጣን ላይ እያሉ ተገድለዋል። አብርሃም ሊንከን በ1865፣ ጄምስ ጋርፊልድ በ1881፣ ዊልያም ማኪንሊ በ1901፣ ጆን ኤፍ ኬኔዲ በ1963። ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ የተገደሉ፣ ሞታቸው ግን አገር ያናወጠም አሉ። የሉዊዚያናው ሴናተር ሂዩ ሎንግ፣ ማልኮም ኤክስ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ ሮበርት ኬኔዲ። (እዚህ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

መጀመሪያ መለኪያው

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አላውቅም። የተገደለ መሪ ያልሠራው ስህተት አይቆጠርበትም። ያላቀረበው ሕግ ኮንግረስ ውስጥ አይወድቅበትም። ስለዚህ ከሟቹ ከጀመራችሁ ውይይቱ ሙሾ ሆኖ ያርፋል።

ከተተኪው ጀምሩ። ዋናው ምክሬ ይሄ ነው። ሟቹን የተካው ሰው ያንኑ ፖሊሲ፣ በነዚያው አማካሪዎች፣ በዚያው ፓርቲ የቀጠለ ከሆነ ግድያው የቀየረው ነገር ትንሽ ነው። ተተኪው ፍጹም ሌላ ሰው ከሆነ ግን ጥያቄው ሥጋ አለው። የሐዘኑ ትልቅነት መለኪያ አይደለም። በሟቹና በተተኪው መካከል ያለው ርቀት ነው መለኪያው።

ቀጥሎ ማስረጃ ጠይቁ። ሟቹ ሊሠራ ያሰበውን በንግግር፣ በሰነድ ወይም በቀረበ ሕግ ትቶልናል ወይ? «እኔ የማውቀው እሱ ልቡ ደግ ነበር» ማስረጃ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። የሞተው ሰው ቢኖር ኖሮ በሞተበት ቀን አቋሙ ላይ ተቸክሎ አይቀርም ነበር። የአላባማውን ገዥ ጆርጅ ዋላስን ተመልከቱ። ዘር መለያየትን ለዘላለም እደግፋለሁ ብሎ የፎከረ ሰው ነው። በሜይ 1972 ሜሪላንድ ውስጥ ተተኮሰበትና ተረፈ፤ እግሮቹ ግን ሽባ ሆኑ። ኋላ ጥቁሮችን ይቅርታ ጠየቀ፤ በ1982 ለገዥነት ሲመረጥም ብዙ ጥቁሮች ድምፅ ሰጡት። ያን ቀን ቢሞት ኖሮ ይሄን ማን ይገምት ነበር?

ሊንከን፦ ርቀቱ ከሁሉም የሰፋው

ምርጫዬ ይሄ ነው።

ኤፕሪል 9 ቀን 1865 የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን ሰጠ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ከሞላ ጎደል አበቃ። ኤፕሪል 11 ሊንከን ከዋይት ሐውስ መስኮት ሆኖ ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገረ። ለተማሩ ጥቁሮችና ለወታደርነት ላገለገሉት የመምረጥ መብት ቢሰጥ እንደሚመርጥ አለ። ፕሬዚዳንት ይህን በአደባባይ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ጆን ዊልክስ ቡዝ እዚያው ሕዝብ መሀል ቆሞ ይሰማ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ፎርድ ቲያትር ውስጥ ተኮሰበት።

አሁን ተተኪውን እዩ። አንድሩ ጆንሰን የቴነሲ ዴሞክራት ነበር። ሊንከን ግን ሪፐብሊካን ነው። በ1864 ምርጫ «የአንድነት» ቲኬት ለመምሰል ነው ጆንሰንን ያስገቡት። ከዚያ በፊት ምክትል የነበረው የሜይኑ ሃኒባል ሃምሊን ነው፤ ባርነትን አጥብቆ የሚቃወም ሰው። ሃምሊን ቢቀጥል ኖሮ እንኳ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ጆንሰን ምን አደረገ? በጃንዋሪ 1865 የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን በትእዛዝ ቁጥር 15 በደቡብ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ያለ መሬት ነፃ ለወጡ ጥቁሮች መድቦ ነበር። ወደ 400 ሺህ ኤከር ይጠጋል። «40 ኤከር» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት መከር ላይ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረገ። ለደቡብ መሪዎች ይቅርታ በገፍ ሰጠ። ሚሲሲፒና ደቡብ ካሮላይና ወዲያው ጥቁሮችን ሥራ ላይ አስገድዶ የሚያስር ሕግ አወጡ። በ1866 ኮንግረስ የዜጎች መብት ሕግ ሲያወጣ ጆንሰን ቪቶ አደረገው፤ ኮንግረሱ ሻረበት። ጠቡ ተካርሮ በ1868 ጆንሰን ተከሰሰ። ሴኔት ውስጥ በአንድ ድምፅ ልዩነት ነው ከመባረር የተረፈው።

ሊንከን እነዚህን ሁሉ አያደርግም ነበር የሚል ሰው መሬት ላይ የቆመ ክርክር አለው። መሬቱ ራሱ አለ። የኤፕሪሉ ንግግሩ አለ። ሁለተኛው የሥልጣን ዘመኑ ገና አርባ ቀን ነው የተነካው፤ እስከ ማርች 1869 ድረስ ነበር።

ጥያቄውን የምወደው ግን ወደ ተቃራኒውም ስለሚቆርጥ ነው። ሊንከን ጠበኛ አልነበረም። በዲሴምበር 1863 ያወጣው ዕቅድ በአንድ ደቡባዊ ግዛት ካሉ መራጮች ከመቶ 10ሩ ታማኝነት ቢምሉ መንግሥት ማቋቋም ይበቃል ይላል። በ1864 ኮንግረስ ጠንከር ያለ ሕግ ሲያመጣለት ሳይፈርምበት ቀረ። ይህ ሰው በሕይወት ቢኖር ከፓርቲው ጋር መሀል መንገድ ላይ ይገናኝ ነበር ማለት ይቻላል። ጆንሰን ደግሞ ግትርነቱ ለዘብተኛ ሪፐብሊካኖችን ሳይቀር አስቆጥቶ ወደ አክራሪዎቹ ገፋቸው። 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጁን 1866 ኮንግረስን ያለፈው በዚህ እልህ መሀል ነው።

14ኛው ማሻሻያ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። አሜሪካ የተወለደ ዜጋ ነው የሚለው አንቀጽ ያለው እዚያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አትላንታ ሆስፒታል የተወለደ የሀበሻ ልጅ ዜግነቱን የሚያገኘው ከዚያ መስመር ነው። ሊንከን ቢኖር ኖሮ ያ መስመር በዚያ ጥንካሬ ይጻፍ ነበር? ወይስ ለስለስ ያለ ስምምነት ይቀድመው ነበር? እኔ መሬቱን ይዤ ሊንከን ቢኖር ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ተቃራኒው ላይ የቆመን ሰው ግን ሞኝ ነው አልለውም።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ብቻውን የማይነካው ነገር አለ። የደቡብ ባለ ርስቶች እንዲሁ በዋዛ እጅ አይሰጡም ነበር። የሰሜኑ ሕዝብም ሠራዊቱ ለዓመታት ደቡብ እንዲቆይ ትዕግሥት አልነበረውም፤ በ1877 ሠራዊቱን አስወጥቶ ጥቁሮቹን ለዕጣቸው ትቷቸዋል። ሊንከን ያን ጊዜ ሥልጣን ላይ አይኖርም ነበር።

ኬኔዲ፦ ሁለት ጥያቄ በአንድ ስም

የኬኔዲ ችግሩ ጥያቄው አንድ አለመሆኑ ነው። «ባይገደል ቬትናም አይኖርም ነበር» አለ። «ባይገደል የጥቁሮች መብት ይፋጠን ነበር» ደግሞ አለ። ሁለቱን ለያዩ። መልሳቸው የተለያየ ነው።

ቬትናምን እንይ። ኬኔዲ ሲሞት ወደ 16 ሺህ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች እዚያ ነበሩ። በኦክቶበር 1963 አንድ ሺውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለማስወጣት የሚል ሰነድ አጽድቋል። «ይወጣ ነበር» የሚሉት ይህን ነው የሚመዙት። ሰነዱ ግን ጦርነቱ በጥሩ እየሄደ ነው በሚል ግምት የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲያ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የደቡብ ቬትናሙ መሪ ዚዬም ዋሺንግተን እያወቀችው በተካሄደ መፈንቅለ መንግሥት ተገደለ። ነገሩ ተበላሸ። ራሱ ኬኔዲ በሴፕቴምበር በሰጠው የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ጦርነቱ የእነሱ ነው፣ የሚያሸንፉትም የሚሸነፉትም እነሱ ናቸው አለ። እዚያው ቃለ መጠይቅ ላይ መውጣት ትልቅ ስህተት ነውም አለ። ከአንድ ሰው አፍ ሁለቱንም አገኛችሁ። ምረጡ።

ተተኪውስ? ሊንደን ጆንሰን የመከላከያ ሚኒስትሩን ማክናማራን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ራስክንና የደኅንነት አማካሪውን ባንዲን ይዞ ነው የቀጠለው። ሦስቱም የኬኔዲ ሰዎች ናቸው። በማርች 1965 ተዋጊ ጦር ዳናንግ ያስገባው በነሱ ምክር ነው። በ1968 ቁጥሩ ከ500 ሺህ አለፈ። ኬኔዲ አማካሪዎቹን ይሻል ነበር፣ በኩባ ሚሳይል ቀውስ ጊዜ ጄኔራሎቹን እምቢ ብሏቸዋል የሚል ክርክር አለ። ደካማ ክርክር አይደለም። ርቀቱ ግን እንደ ሊንከንና አንድሩ ጆንሰን አይደለም።

የመብት ሕጉ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኬኔዲ ሕጉን ያቀረበው በጁን 1963 ነው። ሲሞት ሕጉ የት ነበር? የቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ በሚመራው የምክር ቤቱ የደንብ ኮሚቴ ውስጥ። ስሚዝ የዘር መለያየት ደጋፊ ነው፤ ሕጉን ከእጁ የማውጣት ሐሳብ አልነበረውም። ጆንሰን ከግድያው አምስት ቀን በኋላ ለኮንግረስ ቀርቦ የኬኔዲን ስም የሚያስከብር ንግግር ሳይሆን ይህን ሕግ ማጽደቅ ነው አለ። ሰውዬው ሴኔትን እንደ መዳፉ ያውቃል። በጁን 1964 የደቡቦቹን ፊሊበስተር፣ ማለትም ድምፅ እንዳይሰጥ በንግግር ማጓተታቸውን፣ በ71 ለ29 ሰበሩት። ጁላይ 2 ተፈረመ።

ስለዚህ ግድያው ራሱ ሕጉን የገፋ ጉልበት ሆነ። ይህን ማለት ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው። በዚያው ዓመት ምርጫ ጆንሰን ሪፐብሊካኑን ጎልድዋተርን በ486 ለ52 የመራጭ ተወካዮች ድምፅ ረታ፤ ፓርቲውም በሁለቱም ምክር ቤቶች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወንበር ያዘ። ኬኔዲ ቢሆን ያሸንፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። በዚያ ልክ ግን አይመስለኝም። የዚያ ኮንግረስ ሥራ ደግሞ የአረጋውያን የሕክምና መድን የሆነው ሜዲኬር አለበት። የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ አለበት። የኢሚግሬሽን ሕጉም አለበት።

የመጨረሻው እኛን ይነካል። በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ በዓመት የተመደበው ኮታ 100 ሰው ነበር። መቶ! ያን የአገር ኮታ ሥርዓት ያፈረሰው ጆንሰን በኦክቶበር 1965 ከነፃነት ሐውልት ሥር የፈረመው ሕግ ነው። እርግጥ ሐሳቡን በጁላይ 1963 ለኮንግረስ የላከው ኬኔዲ ነው። ሐሳብ መላክና ማስፈረም ግን ለየቅል ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት የስደተኞች ሕግና የዲቪ ሎተሪ በዚህ በር የገቡ ናቸው።

ኬኔዲን የምትመርጡ ከሆነ እንግዲህ «መብት» የሚለውን ጎን ምረጡ። ሁሉም ሰው ቬትናምን ይዞ ይመጣል። እናንተ «ቢኖር ኖሮ ሕጉ ይዘገይ ነበር» ብላችሁ ስትነሱ ቤቱ ይሞቃል።

ሮበርት ኬኔዲ፦ ሰው የሚያስበውን ያህል ቅርብ ያልነበረው

ጁን 1968፣ ሎስ አንጀለስ፣ አምባሳደር ሆቴል። የኬኔዲ ወንድም ሮበርት (ቦቢ) የካሊፎርኒያን ፕራይመሪ፣ ማለትም የፓርቲውን የእጩ ምርጫ፣ ባሸነፈበት ሌሊት ነው የተተኮሰበት። ስለዚህ ብዙ ሰው ከዚያ መድረክ በቀጥታ ወደ ዋይት ሐውስ ይገባ የነበረ ይመስለዋል።

ቁጥሩን እዩ። ያን ሌሊት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሂዩበርት ሃምፍሪ እጩ በሚመርጠው የፓርቲ ጉባኤ ወደ 561 ተወካዮች ነበሩት። ኬኔዲ 393፣ ዩጂን ማካርቲ 258 ገደማ። ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ አልተወዳደረም። ያኔ እንደዛሬው አልነበረም፤ አብዛኛውን ተወካይ የሚይዙት የፓርቲው ጌቶች ናቸው፤ እንደ ቺካጎው ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ያሉ። ኬኔዲ እጩ ለመሆን እነሱን ማሳመን ነበረበት። ይቻል ነበር? ይቻል ይሆናል። ቀላል ግን አልነበረም።

እኔ ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። እጩ ባይሆንም ቢኖር ኖሮስ? ኒክሰን በኖቬምበር ሃምፍሪን የረታው ከመቶ አንድ በማይሞላ ልዩነት ነው፤ ግማሽ ሚሊዮን ድምፅ አካባቢ። ቦቢ በሕይወት ኖሮ፣ በቺካጎው የፓርቲ ጉባኤ ላይ ታርቆ፣ ለሃምፍሪ ከተማ ለከተማ ቢዞር ይህን ልዩነት መሙላት ተአምር አይጠይቅም። ይህ ግምት ከ«ፕሬዚዳንት ቦቢ» ይልቅ በጣም ትንሽ ነገር ነው የሚለምናችሁ። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ትንሽ የሚለምን ግምት ሁልጊዜ ይሻላል።

ውጤቱ ግን ትንሽ አይደለም። ኒክሰን በመጀመሪያው ዘመኑ አራት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሾመ፦ በርገር፣ ብላክመን፣ ፓወል፣ ሬንኲስት። በ1974 የዲትሮይት ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ጥያቄው ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለማቀላቀል የከተማውንና የዙሪያውን ዲስትሪክቶች አንድ ላይ ማስገደድ ይቻላል ወይ የሚል ነው። 5 ለ4 «አይቻልም» ተባለ። አራቱም የኒክሰን ሹመኞች ከአምስቱ ውስጥ ነበሩ። ከአራቱ አንዱ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት። አሜሪካ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤት የሚመረጠው በትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት ነው። የከተማና የሰፈር ወሰኑ ያን ያህል የከበደው አንዱ ምክንያት ያ ፍርድ ነው።

ሌላም አለ። በቺካጎው ጉባኤ የተቆጡ ዴሞክራቶች የእጩ አመራረጡን ደንብ ለወጡት። ፕራይመሪ ዛሬ ያለውን ጉልበት ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ቦቢ በፓርቲው ጌቶች ርዳታ እጩ ቢሆን ኖሮ ያን ለውጥ የሚጠይቅ ቁጣ አይኖርም ነበር ይሆናል። ያለዚያ ለውጥ በ1976 ጂሚ ካርተር የሚባል የጆርጂያ ሰው እጩ ሲሆን አይታየኝም።

ሁለተኛ ምርጫዬ ይሄ ነው። ከ«ፕሬዚዳንት ቦቢ» ከራቃችሁ ብቻ።

ኪንግ፦ መለኪያው የማይይዘው

ኪንግ ላይ የእኔ መለኪያ አይሠራም። ሹመት አልነበረውም፤ ስለዚህ የሚነጻጸር ተተኪ የለም። የሚገፋው በአደባባይና በሰው ኅሊና ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ሕግ ያወጣ ነበር» ሳይሆን «ምን ዓይነት ጥምረት ያቆም ነበር» ነው።

ማስረጃው ግልጽ ነው። የተገደለባት ሜምፊስ የሄደው ለጽዳት ሠራተኞች አድማ ነው። ሁለት ሠራተኞች በቆሻሻ መኪና ተጨፍልቀው ሞተው ነበር፤ 1,300 ያህል ሰው ሥራ አቆመ። ኪንግ በዚያው ጊዜ ጥቁሩንም፣ ነጩንም፣ ሜክሲኳዊውንም፣ ነባር ሕዝቡንም ድሃ በሙሉ ይዞ ዋሺንግተን ለመክተም እየተዘጋጀ ነበር። 39 ዓመቱ ነው። ያ ዘመቻ ያለ እሱ ተካሄደ፤ ደከመ፤ በጁን 1968 ድንኳኑ ተነቀለ።

በሞተበት ጊዜ ግን የዛሬው ኪንግ አልነበረም። በ1966 በጋሉፕ ጥናት ከመቶ 63 አሜሪካዊ መጥፎ አመለካከት ነበረው። በ1967 ቬትናምን ሲያወግዝ ትልልቅ ጋዜጦች አወገዙት። ቢኖር ኖሮ በ1983 ሬገን በስሙ በዓል ይፈርም ነበር? አይመስለኝም። ሽማግሌ ኪንግ በየዓመቱ ስለ ደመወዝና ስለ ጦርነት የሚነዘንዝ፣ ግማሹ አገር የሚጠላው ሰው ይሆን ነበር። እጩ ይሆን ነበር እንዳትሉ ብቻ። በ1967 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደር ብለው ለምነውት እምቢ ብሏል። ያ መንገድ የተባባሪዎቹ ሆነ፤ አንድሩ ያንግ የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር ሆነ፣ ጆን ሉዊስ ኮንግረስ ገባ፣ ጄሲ ጃክሰን በ1984ና በ1988 ተወዳደረ።

ለክፍል ውይይት ኪንግ ጥሩ ነው። ለክርክር ግን አይመችም፤ ተቃራኒ ወገን የሚቆም ሰው አታገኙም።

በአጭሩ የሚታለፉት

ማልኮም ኤክስን እወደዋለሁ፤ ግን ለመገመት በጣም ፈጣን ሰው ነበር። በማርች 1964 ኔሽን ኦፍ ኢስላም ከሚባለው የጥቁር ሙስሊሞች ድርጅት ወጣ። በኤፕሪል መካ ነበር። በጁን አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አምሳያ አድርጎ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በፌብሩዋሪ 1965 ተገደለ። በአንድ ዓመት ይህን ያህል የተለወጠን ሰው በ1975 የት እናስቀምጠው?

ማኪንሊ ለቢዝነስና ለኢኮኖሚ ወዳጆች ነው። ተተኪው ቴዎዶር ሩዝቬልት 42 ዓመቱ ነበር። የኒውዮርክ የፓርቲው አለቃ ቶማስ ፕላት ከገዥነት ሊያርቀው ብሎ ነው ምክትል ያስደረገው። ሞኖፖሊዎችን መክሰስ፣ በ1902 የድንጋይ ከሰል አድማ መግባት፣ ፓናማ፣ የምግብና የመድኃኒት ሕግ፤ ሁሉም ከዚያ መጣ። ርቀቱ ሰፊ ነው። ጥሩው ማጣፈጫ ደግሞ የቀድሞው ምክትል ጋሬት ሆባርት ነው። በ1899 ታሞ ባይሞት ኖሮ ሩዝቬልት እዚያ ወንበር አይደርስም ነበር።

ጋርፊልድ የሚገርም ታሪክ አለው፤ ጥያቄው ግን ቀጭን ነው። በጁላይ 1881 ሹመት ነፈገኝ ብሎ የተቆጣ ሰው ተኮሰበት። ሐኪሞቹ ባልታጠበ ጣት ጥይቱን ሲፈልጉ ቁስሉ መረቀዘ። ሰባ ዘጠኝ ቀን ተሰቃይቶ ሞተ። ተተኪው ቼስተር አርተር በሹመት ንግድ የታወቁት የኒውዮርክ የፓርቲ አለቆች ሰው ነበር። በ1883 ሹመትን በፈተና የሚያደርገውን ሕግ የፈረመው ግን እሱው ነው። ጋርፊልድ ቢኖር ሕጉ ያን ያህል ይገፋ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ሂዩ ሎንግን ዝለሉት። በ1936 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ግዛት 46ቱን ወሰደ፤ ሎንግ ቢወዳደር ጥቂቱን ይቆርስ ነበር እንጂ አይጥለውም።

ገልባጮች ከሆናችሁ

አንዳንድ ሰው የተገደለውን ማዳን አያስደስተውም፤ የተረፈውን መግደል ነው የሚወደው። ለነሱ አንድ ቀን ብቻ አለኝ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1933፣ ማያሚ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን ሊይዝ 17 ቀን ቀርቶታል። ጁሴፔ ዛንጋራ ተኮሰ፤ ሩዝቬልትን ሳተ፤ የቺካጎውን ከንቲባ አንቶን ሰርማክን መታ። ሰርማክ ማርች ላይ ሞተ። ጥይቱ ወደ ተፈለገው ቢሄድ በጃንዋሪ በጸደቀው 20ኛው ማሻሻያ መሠረት ፕሬዚዳንት የሚሆነው የቴክሳሱ ጆን ናንስ ጋርነር ነበር። ወግ አጥባቂ ነው፤ ኋላ ከሩዝቬልት ጋር የተጣላውም በዚሁ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲን ያለ ሩዝቬልት አስቡት። ርቀቱ ከሊንከን ጋር የሚወዳደር ይሄ ብቻ ነው።

ሊንከንን ከመረጣችሁ

ሰዎቹን በሁለት ሳይሆን በሦስት ክፈሉ። አንደኛው ወገን ሊንከን ይኖራል ይበል፤ መሬቱንና የኤፕሪል 11 ንግግር ስጡት። ሁለተኛው ጆንሰን መጥፎ ሆኖ ጥሩ ሕገ መንግሥት አስጻፈ ይበል፤ 14ኛውን ማሻሻያ ስጡት። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ጆርጅ አትዘሮትን ይያዝ። ቡዝ ያን ሌሊት ጆንሰንን እንዲገድል የላከው እሱን ነበር፤ ፈርቶ ሲጠጣ አመሸ። ባይፈራስ? ሊንከንም ጆንሰንም በአንድ ሌሊት ከሞቱ በ1792ቱ ሕግ ሥልጣኑን የሚይዘው የሴኔቱ ተጠባባቂ ሊቀ መንበር ነው፤ የኮኔቲከቱ ላፋየት ፎስተር። እሱም በአደራ ብቻ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አዲስ ፕሬዚዳንት ይመረጣል፤ ጦርነት ባበቃ በስምንት ወር፣ ደቡብ ይግባ አይግባ ሳይወሰን። ምርጫውን ለግዛቶቹ ማሳወቅ የነበረበት ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሲዋርድ ነው፤ በዚያው ሌሊት ሌላው የቡዝ ሰው ቤቱ ገብቶ ፊቱን በጩቤ የቆራረጠው።